ያ «ግዙፍ ቢምቢ»

ሰላም እህቴ፣

ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው አይደል? ጥፋቱ የኔ ነው። የመጨረሻው መልእክትሽ መልስ ሳያገኝ ስልኬ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ዛሬ ግን ለመጻፍ ምክንያት አገኘሁ። አብረን ስንኖር ግድግዳ ላይ ያረፈውን ያን እግረ ረጅም «ግዙፍ ቢምቢ!» ብዬ በጫማ ልመታው ስነሳ፣ እጄን ይዘሽ «ተይው፣ አይናከስም» ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? ልክ ነበርሽ። በእንግሊዝኛ «ክሬን ፍላይ» የሚባል ነፍሳት ነው፤ ደም የሚመጥበት አፍ ጭራሽ የለውም።

ባለፈው ሳምንት ጫካ ውስጥ፣ ጅረት ዳር፣ ቅጠል ላይ አንዷን አገኘኋት። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ደነገጥኩ! ከስድስቱ እግሮቿ አንዱ የለም፤ ወፍ ሲይዛቸው እግራቸውን ጥለው ያመልጣሉ። ጅራቷ ሹል ስለሆነ መናደፊያ ይመስላል፣ ግን እንቁላሏን አፈር ውስጥ የምትሰካበት ነው። ከክንፎቿ ኋላ ደግሞ እንደ ስፒል ያሉ ሁለት ትናንሽ ዘንጎች አሉ፤ ስትበር ሚዛኗን የምትጠብቀው በነሱ ነው። ከደረቷ ጀርባ ላይ የቪ ቅርጽ ያለው መስመር ሳይ ወገኗን አወቅኩ። ዝርያዋ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ብዙዎቹ በጣም ስለሚመሳሰሉ የወንዱን ጅራት ጫፍ በማይክሮስኮፕ ካላዩ አይለዩም። እኔን ያዳነኝ ክንፏ ነው፤ ቡናማ ጥላ እዚህም እዚያም የፈሰሰበት፣ እንደ ካርታ ያለ። ቲፑላ ማክሲማ ትባላለች፣ በአውሮፓ ካሉት ዘመዶቿ ከትልልቆቹ አንዷ።

ቦታውም መሰከረላት። እጯ የሚያድገው ጫካ ውስጥ፣ ጅረት ዳር ባለ ውሃ በጠገበ አፈር ውስጥ ነው፤ የበሰበሰ ቅጠል እየበላ። ጫማዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ስራገም ነበር፣ ለካ እሷ የምትፈልገው ያንኑ ጭቃ ኖሯል።

ደግሞ ስሚ፣ ቻርልስ አሌክሳንደር የሚባል አሜሪካዊ የነፍሳት ተመራማሪ (ከ1889 እስከ 1981 እ.ኤ.አ. የኖረ) ከዚህ ወገን ከ11,000 የሚበልጡ ዝርያዎችን ለሳይንስ አስተዋውቋል። እኔ ለአንዷ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም!

አንቺም ካገኘሽ ክንፏን ዘርግታ ሳለ ከላይ ፎቶ አንሺልኝ፤ መሬቱ እርጥብ ይሁን ደረቅም ጻፊልኝ። የድሮውን መልእክትሽን ነገ እመልሳለሁ፣ የምሬን ነው።