የተደፈነ ቱቦ ድምፁ ይወፍራል እንጂ አይቀጥንም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የጎንደር ተማሪዎች ከፕላስቲክ ቱቦ የትንፋሽ መሣሪያ ሠርተው የድምፅን ሳይንስ እንደሚማሩ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብበናል። ልጆቹ ሊመሰገኑ ይገባል። ዘገባው ግን «የቱቦው አንድ ጫፍ ሲደፈን አየሩ ስለሚታመቅ ድምፁ ይቀጥናል» ይላል። ከመታተሙ በፊት አንድ ሰው ቱቦ አንስቶ ቢነፋ ኖሮ ይህ ዓረፍተ ነገር ባልወጣ ነበር።

17 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ሁለቱም ጫፎቹ ክፍት ሆነው ጠርዙ ላይ ሲነፋ፣ ውስጡ ያለው አየር በሰከንድ ወደ 1,000 ጊዜ ይርገበገባል። ታችኛውን ጫፍ በአውራ ጣት ድፈኑት፤ ወደ 500 ይወርዳል። በክፍት ቱቦ ውስጥ የሚያድረው የድምፁ ሞገድ ግማሽ ነው፤ በተደፈነው ውስጥ ሩቡ ብቻ። ቱቦው ሳይረዝም ሞገዱ እጥፍ ስለሚረዝም ድምፁ በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ርግብግቡ በግማሽ ወርዶ፣ ይወፍራል። መታመቅ እዚህ ውስጥ የለበትም። አስተማሪ ጋዜጣችሁን ይዞ ክፍል ቢገባ ልጆቹ ጆሯቸው የነገራቸውን ትተው የተጻፈውን ያምናሉ። የሚያንገበግበን ይህ ነው።

ዘገባው አንድም ልኬት አልሰጠም። 16 ሚሊ ሜትር የኤሌክትሪክ መስመር ቱቦ ውሰዱ። ከድፋኑ እስከ አፉ የውስጡ ርዝመት 18፣ 16፣ 14.4፣ 12 እና 10.8 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ አምስቱ የትዝታ ሜጀርን ቅኝት ይሰጣሉ። በመጋዝ ስትቆርጡ 3 ሚሊ ሜትር ያህል አስረዝሙ፤ የረዘመ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፣ ያጠረ ግን አይመለስም። ታችውን በሰም ድፈኑ። ድምፁ ቀርቶ ትንፋሽ ብቻ ከተሰማ ብዙውን ጊዜ ሰሙ ዳር ላይ ክፍተት አለ፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ይበቃዋል። የአፉ ጠርዝ ላይ የመጋዝ ፍንጣሪ ቢቀርም እንደዚያው ነው። በኃይል ከነፋችሁ ድምፁ ሦስት እጥፍ ቀጥኖ ይዘላል፤ በዝግታ ንፉ።

ሌላው ቅሬታችን «ጎንደር የማሲንቆ እንጂ የትንፋሽ መሣሪያ ባህል የላትም» የሚለው ነው። ዋሽንት ምንድን ነው ታዲያ? ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ ሸምበቆ ነው፤ አራት ቀዳዳ አለው፤ ጣት በተነሣ ቁጥር የሚርገበገበው አየር ያጥራል፣ ድምፁም ይቀጥናል። እረኛው ያለ ማስመሪያ የሚያውቀው ፊዚክስ ነው። እምቢልታ ደግሞ የጣት ቀዳዳ እንኳን የለውም። አንዱ ነፊ የሚያወጣው ጥቂት ድምፅ ስለሆነ ዜማው የሚሞላው ነፊዎቹ ሲቀባበሉት ነው። ዘገባችሁ «አዲስ ፈጠራ» ያለው፣ ልጆቹ አንድ አንድ ቱቦ ይዘው በተራ መንፋታቸው፣ ይኸው የእምቢልታ አነፋፍ ነው። አባቶቻችን የነፉትን ከልጆቻችን እጅ ላይ አይታችሁ እንግዳ አደረጋችሁት።

እርማቱን ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ ዘገባው በወጣበት ፊደል መጠን አውጡልን። ቱቦውን ይዘን ቢሯችሁ ለመምጣትም ዝግጁ ነን።

የዋሽንትና የእምቢልታ ሠሪዎችና ነፊዎች
ከጎንደር