አይጥ ማዋኘት ሥራ ነው ወይ ላላችሁት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ዕለት መጨረሻ ገጽ ላይ የወጣችውን ቀልድ አነበብኳት። ጸሐፊው፣ ፈረንጆቹ አይጥ ገንዳ ውስጥ እያዋኙ፣ ጭንቅላቷ ላይ ሽቦ እየሰኩ ደሞዝ ይበላሉ ብለው አሳቁን። እውነቱን ለመናገር እኔም ስቄያለሁ፣ ሰውየው ሲጽፉ ይጣፍጣሉ። ሳቄን ስጨርስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ስለዚያች አይጥ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ፣ እናቴ ላይ የደረሰው ነገር ቀደም ብሎ ይገባኝ ነበር።

እናቴ ሰፈሯን እንደ መዳፏ የምታውቅ ሴት ነበረች። እዚህ አዲስ አበባ የቤት ቁጥር ማን ይጠይቃል? "ከወፍጮ ቤቱ ገባ ብሎ፣ ዋርካው ጋ ሲደርሱ በግራ" ነው አድራሻችን። ለሠርግም ለለቅሶም የሚመጣ እንግዳ ስልክ የሚደውለው ለሷ ነበር። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጠፋች። ስምንት ሰዓት አካባቢ አንድ የባጃጅ ልጅ ይዟት መጣ። የጸበል ጠርሙሷን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ፣ አስፋልት ዳር ቆማ ነው ያገኛት። "ዋርካው የታለ?" ትላለች ደጋግማ።

ዋርካው ከወር በፊት ለመንገድ ማስፋፊያ ተቆርጧል። እኛም ነገሩን በዚያው ዘጋነው። ሰፈሩ ፈርሶ እኛስ መች ለየነው፣ እሷ ምን ታድርግ አልን። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ስትጠፋ ያንኑ አልን። ደግሞ ስም አትረሳም፣ የልጅ ልጆቿን ልደት ትቆጥራለች፣ የዕቁብ ሒሳቧ አንድ ብር አይዛነፍም። ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ "እርጅና ነው" ተብለን ቫይታሚን ይዘን ተመለስን።

ከዚያ አንድ ሌሊት ሽንት ቤት ልትሄድ ተነስታ፣ የወጥ ቤቱን በር ከፍታ ግራ ገብቷት ቆማ አገኘኋት። 31 ዓመት በኖረችበት ቤት። ቤት ውስጥ የተቆረጠ ዋርካ የለም።

ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። የተማርኩት የሒሳብ አያያዝ ነው፣ ስለ አንጎል የማውቀው ነገር አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1971 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ለንደን ውስጥ ጆን ኦኪፍና ጆናታን ዶስትሮቭስኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች በጣም የቀጠነ ሽቦ በአይጠ መጎጥ አንጎል ውስጥ፣ ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል ላይ አስቀመጡ። አይጧ ወዲያ ወዲህ ስትል አንዱ የነርቭ ሕዋስ ዝም ይላል፣ አንዲት የተወሰነች ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ይነቃል። ሌላው ሕዋስ ደግሞ ለሌላ ቦታ። ምልክቱን በድምፅ ማጉያ ሲያዳምጡት ጠቅ ጠቅ ይላል አሉ፤ አስቡት፣ አይጧ የት እንደቆመች ሳያዩዋት በጆሮ ማወቅ ይቻላል! ቆይቶ በ2005 ኖርዌይ፣ ትሮንድሄም ውስጥ፣ ማይ ብሪትና ኤድቫርድ ሞሰር ከነተማሪዎቻቸው ጎረቤት ባለው ክፍል (ኤንቶራይናል ኮርቴክስ ይባላል) ሌላ ዓይነት ሕዋስ አገኙ። አንዱ ሕዋስ የሚነቃባቸው ቦታዎች ወለሉ ላይ ነጥብ በነጥብ ሲደረደሩ የማር እንጀራ ይመስላሉ። ኦኪፍና ሁለቱ ሞሰሮች በ2014 የሕክምና ኖቤል ተካፈሉ። ደሞዝ ይበላሉ የተባሉት እነዚህ ናቸው እንግዲህ።

ታዲያ ይሄ ከእናቴ ጋር ምን አገናኘው? አልዛይመር በሚባለው የመርሳት በሽታ ጊዜ ታው የሚባለው ፕሮቲን እየተቋጠረ ሕዋሶችን ያበላሻል። ሃይኮና ኤቫ ብራክ የሚባሉ ጀርመናውያን በ1991 የሟቾችን አንጎል መርምረው እንዳሳዩት፣ ይህ ቋጠሮ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚበዛው ያው ኤንቶራይናል ኮርቴክስ አካባቢ ነው። የማር እንጀራው ያለበት! በ2017 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እዚያው ክፍል ላይ ታው የተጠራቀመባቸውን ያረጁ አይጦች ሲመለከቱ፣ የማር እንጀራው ቅርጽ ተዘበራርቆ፣ አይጦቹም መንገድ መያዝ አቅቷቸው አገኟቸው። ይሄ የአይጥ ጉዳይ ነው የሚል ካለ፣ በ2015 ጀርመን ውስጥ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑ ወጣቶች ኤም አር አይ ውስጥ ተኝተው በኮምፒውተር መንገድ የመፈለግ ጨዋታ ተጫውተው ነበር። ለአልዛይመር የሚያጋልጠው ዘረ መል ያለባቸው ላይ ያ የማር እንጀራ ምልክት ደከም ብሎ ታየ። ምንም የረሱት ነገር የሌላቸው ጤነኛ ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ተሳቀባት ገንዳ ልምጣ፣ እኔን የነካኝ እሷ ናት። ሪቻርድ ሞሪስ የሚባሉ ሰው ናቸው በ1981 ስኮትላንድ ውስጥ የጀመሩት። ውኃው በወተት ይደፈርሳል። ከውኃው በታች የማትታይ ትንሽ መቆሚያ አለች። አይጧ ዙሪያዋን ያሉትን ምልክቶች እያየች መቆሚያዋን ማግኘት አለባት፣ በተደጋጋሚ ስትሞክር ቀጥ ብላ ትሄድበታለች። ሂፖካምፐሷ የተጎዳ አይጥ ግን ስትዞር ትውላለች። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። መቆሚያዋን ወደ ሌላ ቦታ ቢወስዱባት፣ ጤነኛዋ አይጥ መጀመሪያ የድሮው ቦታ ሄዳ ትንገላታና አዲሱን ትለምዳለች። የታመመችው መልመድ ያቅታታል።

ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። እኛ ዋርካው ሲቆረጥ በሳምንት ለመድነው። ታናሽ ወንድሜ እንዲያውም ከተቆረጠ በኋላ ታክሲ ቶሎ ይገኛል ብሎ ደስ ብሎት ነበር። እሷ ግን በወሩም በሁለት ወሩም ትፈልገው ነበር። ልዩነቱ ዓይናችን ሥር ነበር፣ እኛ ግን አስፋልቱን ስንወቅስ ከረምን።

በአይጥ ምርምር ላይ የሚነቀፍ ነገር የለም እያልኩ አይደለም። አይጥ በተፈጥሮዋ አልዛይመር አይዛትም፣ የሰው ዘረ መል እየተጨመረባት ነው በሽታውን እንድትመስል የምትደረገው። እሷን ያዳነ ስንት መድኃኒት ሰው ላይ ሲሞከር ወድቋል። እዚህ ላይ ግን እናንተንም ልውቀስ። ከአሁን በፊት "የመርሳት በሽታ መድኃኒት ተገኘ" ብላችሁ በትልቁ ጽፋችሁ፣ "በአይጥ ላይ" የምትለዋን መጨረሻ አካባቢ ቀበራችኋት። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ የገጹን ፎቶ አይታ በሌሊት ደወለች፣ "ስንት ነው? እኔ እልካለሁ" እያለች። ምን ብዬ ልመልስላት? አሜሪካ በ2023 ሙሉ ፈቃድ የሰጠችው ሌካኔማብ የሚባለው የአልዛይመር መድኃኒት እንኳ በ18 ወር ጥናቱ የበሽታውን መባባስ ያዘገየው በ27 በመቶ ገደማ ነው፣ ያውም በሽታው ገና ሲጀምር ለተደረሰባቸው። እናቴ ያን ጊዜ አልፋዋለች።

ስለዚህ ጤና ገጻችሁ ላይ አንድ ቀን ስለ መንገድ መሳት ጻፉልን። ሰው ሁሉ "ስም ትረሳለች ወይ?" ነው የሚጠይቀው። የለመደችው መንገድ ይጠፋባታል ወይ፣ አዲሱንስ ከቆየ በኋላ ለመደችው ወይ ብሎ የጠየቀን የለም። መንገድ የሳተ ሁሉ አልዛይመር አለበት ማለት አይደለም፣ ከታይሮይድም ከቫይታሚን ቢ 12 ማነስም ከድብርትም የሚመጣ አለ፣ እነዚያ ደግሞ ይታከማሉ። ለዚህም ቢሆን ቶሎ መመርመር ነው። ከተማው እንዲህ በሚፈርስበትና በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ ሁላችንም ስለምንጠፋ፣ የታመመው ሰው በመሀላችን ተደብቆ ይቀራል።

ጸሐፊያችሁን ሰላም በሉልኝ፣ ቀልዳቸውን አያቁሙ። እኛ ቤት አሁን ሽንት ቤቱ በር ላይ የእናቴን ቀይ የአንገት ልብስ ሰቅለናል፣ መብራቱም ሌሊቱን ይበራል። አንዳንድ ሌሊት ይሠራል።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ