ለሻንጣው አንድ መጽሐፍ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እማማስ፣ ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ያህል ዘመን ተጠፋፍተን ቆይተን «አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ሻንጣዋ የሚችለው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ባዮኤቲክስ (የሕክምና ሥነ ምግባር) ይሁን የፖለቲካ ፍልስፍና?» ብለሽ ስትጽፊልኝ ሳቄ መጣ። ሌላ ሰው መጀመሪያ «አለህ ወይ?» ይላል።

የፖለቲካውን አስመጪ።

ልብሽ የቢቻምፕና የቺልድረስ የባዮኤቲክስ መጽሐፍ ላይ እንዳለ አውቃለሁ። ከ1979 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ) የዘርፉ ዋና መማሪያ ነው። መርሆቹ አራት ናቸው፦ የታካሚን ውሳኔ ማክበር፣ መጥቀም፣ አለመጉዳት፣ ፍትሕ። ሦስቱን የኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ በየሌሊቱ ትሠሪባቸዋለሽ። እንቅልፍ የሚነሳሽ አራተኛው ነው።

የአሜሪካዋን ከተማ የሲያትልን ነገር ታስታውሻለሽ? በ1960 ስክሪብነር የተባለው ሐኪም ኩላሊቱ የደከመን ሰው ለረጅም ጊዜ ማጠብ የሚያስችል ቱቦ ሠራ። ማሽኑ ግን ጥቂት ነበር። ስለዚህ ሰባት ሰዎች ተቀመጡ፤ ጠበቃ፣ ቄስ፣ የባንክ ሰው፣ የቤት እመቤት ሳይቀር። የታማሚውን ገቢ፣ የልጆቹን ብዛት፣ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ሁሉ እያዩ ማን እንደሚታጠብ ወሰኑ። ባዮኤቲክስ የተወለደው እዚያ ነው የሚሉ አሉ። እኔን የሚገርመኝ ጉዳዩ የተፈታበት መንገድ ነው። በ1972 የአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ አውጥቶ የእጥበቱን ወጪ ለአብዛኛው ታማሚ መንግሥት እንዲሸፍን አደረገ። ኮሚቴው መቶ ዓመት ቢሰበሰብ ያንን ማድረግ አይችልም። እኛ አገርስ? ለእጥበት ገንዘብ በመኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ሲለመን ስሰማ ሲያትል ትዝ ትለኛለች።

ስለዚህ የአሜሪካዊው ፈላስፋ የሮልስ መጽሐፍ ይምጣልሽ፣ ስለ ፍትሕ የጻፈው የ1971ዱ። ሀብታም ትሁኚ ድሃ፣ ጎበዝ ትሁኚ ደካማ ሳታውቂ የአገሩን ሕግ አውጪ ቢሉሽ ምን ታወጫለሽ? ይልሻል። ጽሑፉ ደረቅ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ይበቁሻል። አንድ ነገር ያናድድሻል፦ ሁሉም ዜጋ ዕድሜ ልኩን ጤነኛ እንደሆነ አድርጎ ነው የሚነሳው። ያንቺን ሰዎች በር ላይ ትቷቸዋል! በ1985 ያስገባቸው ሌላው ፈላስፋ ኖርማን ዳንኤልስ ነው፤ ሕመም የሰውን ዕድል ስለሚነጥቅ ሕክምና የፍትሕ ጉዳይ ነው አለ። አክስትሽ አንድ ጥንድ ጫማ ብትቀንስ እሱም ይገባ ነበር።

ሮልስን የሚሞግተው የፈላስፋው የኖዚክ መጽሐፍ እኔ ዘንድ አለ። ቅዳሜ ከሌሊት ፈረቃ ስትወጪ በዚሁ እለፊና ውሰጂው፤ ቡናም ይፈላል።

ያንቺው ጓደኛሽ