ሰንሰለቱን ከታች እሰሪ

እናትዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላ ነገር የለም።

አጎትሽ ትናንት ማታ ቲክቶክ ላይ የለቀቅሽውን ቪዲዮ አሳየኝ። ጉቶ እየጎተታችሁ የትራክተሯ የፊት ጎማ ከመሬት ብድግ ሲል፣ ጓደኞችሽ ሲያፏጩ፣ አንቺ ደግሞ መሪውን ይዘሽ ስትስቂ። ቪዲዮውን አስቁሜ ሰንሰለቱ የት እንደታሰረ አየሁ። ላይ ነው፣ የማረሻው የላይኛው ዘንግ የሚገባበት ቦታ። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። በስልክ ከምጮህብሽ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ሰንሰለት ከታች ካለው መጎተቻ በቀር የትም አትሰሪ።

የኋላ ጎማ ሲያዝ ሞተሩ ዝም ብሎ አይቆምም። ጎማውን ማዞር ሲያቅተው ራሷን ትራክተሯን በጎማው ላይ ያዞራታል፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ። ሰንሰለቱ ከአክስሉ፣ የኋላ ጎማዎቹን ከያዘው ዘንግ፣ በላይ ከታሰረ ደግሞ ጉቶው ራሱ ወደ ኋላ ይስባታል። ከታች ከታሰረ ግን ፊቷ በተነሳ ቁጥር መጎተቻው ዝቅ እያለ ስቦ የመገልበጥ አቅሙን ያጣል። ተገልብጣ እላይሽ ላይ ለመውደቅ አንድ ሰከንድ ተኩል እንኳ አይፈጅባትም። ፍሪሲዮን ልርገጥ ብለሽ እስክታስቢ አልቋል።

ኅዳር ሚካኤል በመጣ ቁጥር እናትሽ ቡናና ስኳር ይዛ የምትጠይቃትን ሴትዮ ታውቂያታለሽ። ባሏ እንዴት እንደሞተ ግን ነግረንሽ አናውቅም። በደርግ ጊዜ በመንግሥት እርሻው አብረን እንነዳ ነበር። እኔን መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። ማረሻ ሲያስገባ ዞር ብሎ አያይም፣ በሞተሩ ድምፅ ብቻ ጥልቀቱን ያውቀው ነበር። ዘንቦ ነበር፣ ስንዴ የጫነ ተሳቢ ጭቃ ውስጥ ገብቶ እምቢ አለ። ምሳ ደርሷል፣ ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዟል። እሱ «ቶሎ ላውጣትና ልምጣ» ብሎ ሰንሰለቱን ቅርብ በሆነለት ቦታ ጠመጠመው። እኛ ጀርባችንን ሰጥተን ነበር። ድምፁን ሰምተን ስንዞር ትራክተሩ ጎማው ወደ ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ ጎማው አየር ላይ ይዞራል። ናፍጣው በጭቃው ላይ ይፈሳል። ሞተሩን ማን እንዳጠፋው እንኳ ትዝ አይለኝም። የሱ ሽሮ ሳህኑ ላይ እንደቀረበ ነበር።

ብዙ ልጽፍ አስቤ እዚህ ላይ ቆሜ ቆየሁ። እሱ ቢኖር ኖሮ ላንቺ ጥያቄ ከኔ የተሻለ ይመልስ ነበር። አሁን ወደ ጥያቄሽ።

ሁለት ትራክተር ቀርቦልናል፣ የትኛዋን እንግዛ ብለሻል። አንዷ 110 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷ 3.4 ቶን። ሌላዋ 90 የፈረስ ጉልበት፣ 4.6 ቶን። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፣ ሻጩም «ሁለተኛዋ ብረት ብቻ ናት» አለሽ። ሻጭ ምን ይበል!

እኛ የተማርነው በሩሲያ ትራክተር ነው። ሩሲያኖቹ ትራክተር የሚመድቡት በፈረስ ጉልበት ሳይሆን ስንት ቶን ትጎትታለች በሚል ነበር። ቤላሩስ ኤምቲዜድ 80 የፈረስ ጉልበት አላት፣ ከ3 ቶን ትንሽ በልጣ ትመዝናለች፣ ምድቧ 1.4 ቶን ነው። ዲቲ-75 የምትባል፣ በጎማ ፋንታ በብረት ሰንሰለት የምትሄድ ደግሞ አለች። ጉልበቷ 75፣ ከቤላሩስ ያነሰ። ክብደቷ ግን 6 ቶን ገደማ፣ ምድቧም 3 ቶን። ጉልበት ያነሳት እጥፍ ትጎትታለች ማለት ነው። አንዷ ለኩትኳቶና ለተሳቢ ተሠራች፣ ሌላዋ ለጥልቅ እርሻ።

ሒሳቡን አንቺው ሥሪው፣ ዲግሪውን የያዝሽው አንቺ ነሽ። አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ማንሳት ነው። 110 ጉልበት በእርሻ ፍጥነት፣ በሰከንድ ሜትር ተኩል ብትሄድ፣ ወረቀት ላይ 5500 ኪሎ ትጎትታለች። ግን 3.4 ቶን የምትመዝን ትራክተር በለሰለሰ መሬት ላይ በደህና የምትይዘው ከክብደቷ ግማሽ አይሞላም፣ ቶን ተኩል በይው። ማርሹና ጎማው የሚበሉትን ብትቀንሺ እንኳ ገና ብዙ ጉልበት ይተርፋል። የተረፈው ጎማ ያሽከረክራል፣ ናፍጣ ይጠጣል። ልጠቀምበት ካልሽ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ መሮጥ አለብሽ። እናንተ ባላችሁበት በጅሩ ዋልካ፣ በዚያ ጥቁር ጭቃማ አፈር ላይ ዲስክ ማረሻ አስገብቶ እንደዚያ የሚሮጥ ካለ አሳዪኝ።

እዚያው አገር የሰንጋ አገር ነው፣ ገበሬዎቹን ጠይቂ። ሞቅ ያለው ወይፈን ይዘላል፣ ቀንበሩን ይዞ መሬት የሚነክሰው ግን ከባዱ በሬ ነው።

ለከባድ እርሻ ለአንድ የፈረስ ጉልበት ከ55 እስከ 65 ኪሎ ቢደርሳት ጥሩ ነው። ለቀላልና ለፈጣን ሥራ 50 ይበቃል። የመጀመሪያዋ 31 ነው የሚደርሳት። ሁለተኛዋ 51። ደግሞ የናንተው እነዋሪ ከፍታው ከ2600 ሜትር አያንስም፣ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ፣ አየር በግፊት የሚያስገባው መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 90 ያሏት እዚያ 70 አትሞላም። ስለዚህ ሁለተኛዋ ቱርቦ ከሌላት ጎማዋ ውስጥ ለክብደት ውሃ ሳትሞዪ ለማረሻ ትበቃሻለች።

ቀላሏ ክፉ ናት አላልኩም። ለርጭት፣ ለመዝሪያ፣ ቆማ መውቂያ ወይም የውሃ ፓምፕ ለማዞር እሷ ትሻላለች፣ እዚያ ክብደት ምንም አያደርግልሽም። ከባድ ተሳቢ ግን አትስጫት። ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከትራክተሩ ከበለጠ ቁልቁለት ላይ ነጂው ተሳቢው ነው። ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርደውን መንገድ አስቢው።

እናንተ ዋናው ሥራችሁ ምንድን ነው? ማረስ ከሆነ ከባዷን ግዙ። ጓደኞችሽ በቁጥሩ ትልቅነት እንዳያታልሉሽ።

ክብደት ግን ዕዳም አለው። ጤፍ ሲዘራ መሬቱ በከብት እንደሚረገጥ ታውቂያለሽ፣ ያ የላዩን ጥቂት ጣት ብቻ ያጠብቃል፣ ለዘሩም ይጠቅመዋል። የትራክተር አክስል የሚጫነው ግን ማረሻ እስከማይደርስበት ይወርዳል፣ ሰፊ ጎማም የሚያድነው የላዩን ነው። ዋልካ ርጥብ ሲሆን አትግቢበት፣ ገበሬው ቢለምንሽም። አፈሩን በመዳፍሽ አሽተሽ እንደ ክር ከተጠቀለለ ወደ ቤት ተመለሺ።

ክብደቷ ልክ መሆኑን ለማወቅ የኋላ ጎማዋ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጊ። ማረሻው መሬት ውስጥ እያለ ጎማው አሥር ጊዜ ሲዞር የሄደችበትን ምልክት አድርጊ። ከዚያ ማረሻውን አንስተሽ ያንኑ ርቀት ሂጂና ዙሩን ቁጠሪ። ዘጠኝ ከሆነ መንሸራተቷ አሥር በመቶ ነው፣ ደስ ይበልሽ። ስምንት ከሆነ ቀላለች፣ የክብደት ብረት ጨምሪ። ምንም ልዩነት ከሌለ ከብዳለች፣ ብረት ቀንሺ። ወይም ጎንበስ ብለሽ የጎማውን ፋና እዪ። ጥርሱ እንደ ማኅተም ቁልጭ ብሎ ከታተመ ከብዳለች፣ ተፍቆ ከጠፋ ቀላለች፣ መሐሉ ትንሽ ደብዘዝ ካለ ልክ ነው።

ከኋላ ማረሻ አንስተሽ ስትሄጂ ከጠቅላላ ክብደቷ ቢያንስ አንድ አምስተኛው የፊት ጎማ ላይ መቅረት አለበት። አለዚያ መሪው ይቀልሻል፣ ብታዞሪም አትታዘዝሽም። የፊት ብረቶቹ ለጌጥ አይደሉም። በቪዲዮው ላይ የናንተዋ አንድም የላትም! የት አደረጋችኋቸው? ሸጣችኋቸው እንዳትዪኝ።

ሰንሰለቱን ከታች እሰሪ። ጉቶውን ዙሪያውን ቆፍሪና ሥሩን ቁረጪ፣ ከዚያ በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብለሽ ሳቢ፣ ፍሪሲዮን በድንገት አትልቀቂ። እምቢ ካለ ተዪው። እናቴ፣ ለጉቶ ብለሽ አይደለም ያሳደግኩሽ። የመገልበጫ መከላከያው ብረት ካለ ቀበቶሽን እሰሪ። ከሌለ ሳይገጠም ማንም ወንበሩ ላይ አይውጣ፣ ለጓደኞችሽም አባቴ ብሏል በያቸው። ይናደዱ።

ቪዲዮውን አጥፊው። ሌላ ልጅ አይቶ ይሞክረዋል።

ለሻጩ መልስ ከመስጠትሽ በፊት የሁለቱንም ሞተር ከጎን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ቱርቦ ይኑራት አይኑራት ከዚያ እለየዋለሁ። የጎማውን ቁጥርም ጨምሪ። በሶውንና ቅቤውን ለሹፌሩ ሰጥቻለሁ፣ ሐሙስ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ይደርሳል፣ ሰው ልከሽ አስወስጂ። ቅቤው የአጎትሽ ሚስት ነው የላከችው፣ ደውለሽ አመስግኛት።

አባትሽ
ከአሰላ