ይድረስ ለድሬዳዋ ጤና ቢሮ፦ «ከአቧራ ራቂ» ተብለናል፣ ወዴት እንሂድ?

ጤና ይስጥልኝ። ድሬ ውስጥ «አንቱ» ብዙ አይለመድም፤ ሹሙንም ሽማግሌውንም «አንተ» እያልን ነው የኖርነው። ደብዳቤው ለቢሮ ነውና ዛሬ «እናንተ» እላለሁ። አቦ፣ ብዳፈርም አትቀየሙኝ።

እናቴ አስም አለባት። ባለፈው ሰኔ አንድ ቀን ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ፣ የተሰጣ ልብስ ልታስገባ ወጣች። ስትመለስ ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። ማታ ደረቷ ሲር ሲር ይል ጀመር። ፓፏን ደጋግማ ሳበች፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ትራስ ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ነጋ። ጠዋት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፣ መድኃኒት ሰጧት። ስንወጣ «ከአቧራ ራቂ» አሏት። እማዬ በሩ ላይ ስትደርስ ሳቋ መጣ። «ታዲያ ሐረር ቤት ይከራዩልኛ!»

ምክሩ ልክ ነው። አፍንጫችን ትልልቁን አቧራ ይይዝልናል፣ እሱን በማስነጠስም በንፍጥም እንገላገለዋለን። ጣጣው ያለው ደቃቁ ላይ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረቱ ከ50 እስከ 70 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ገደማ ነው። ከ10 ማይክሮን ያነሰ ብናኝ አፍንጫን አልፎ ወደ አየር ቧንቧ ይወርዳል። ከ2.5 በታች የሆነው ደግሞ የሳንባ ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል። አስም የሚቀሰቅሰው፣ የልብ ሕመምተኛውንም የሚያስጨንቀው ይኸው ዓይን የማያየው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከ10 ማይክሮን በታች የሆነው ብናኝ በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ45 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ይመክራል። እኛ ሰፈር ማን ለክቶ ነገረን?

አቧራው ከሰሜን፣ ከቆላው በረሃ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ከፊሉ ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ነው። ጎርፍ ከላይ ደለል ያወርዳል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ባጃጅና መኪና ይፈጨዋል፣ ነፋስ ያነሳዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው የበላው ወንዝ፣ ሲደርቅ ሳንባችን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ጎርፍ በኋላ ከላይ ደንገጎ ተራራ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ጎርፍ ሊመጣ ነው ብሎ ሰው ከወንዙ አሸዋ ላይ እቃውን ይሰበስባል። ለአቧራስ?

የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ነፋስ የሚበረታ ሲሆን በዋዜማው ማታ ንገሩን። የአየር ትንበያ የሚሠራ ተቋም አለ። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ያቋቋመው የአቧራ ትንበያ ሥርዓትም አለ፤ ባርሴሎና ያለው ማዕከሉ ካርታውን ማንም እንዲያየው በነጻ ያወጣል። ሁለቱን የሚያይ አንድ ሰው መድቡ። ከዚያ በሬዲዮ፣ በስልክ መልእክት፣ ካስፈለገም በሞንታርቦ። ለስብሰባ ትጠሩን የለ? «ነገ ከሰዓት አቧራ አለ፤ አስም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ቤት ይዋል፣ መስኮት ይዘጋ» ማለት ምን ያህል ያስወጣል? ፓፉ ያለቀበትም በጊዜ ይገዛል።

ጠራጊዎቹን ግን ሳላነሳ አላልፍም። ጎህ ሲቀድ ከዚራ ሰፈር አንዲት ሴት ሻሽ አፏ ላይ አስራ ስትጠርግ አያታለሁ። መጥረጊያዋ ባለፈ ቁጥር አቧራው እስከ ወገቧ ይነሳል። ሻሹ ደቃቁን አያስቀርም፤ ፊት ላይ ግጥም የሚል ኤን95 ጭምብል ነው የሚያስቀረው። አሸዋ የሚጭኑ ልጆችም እንዲሁ ናቸው። አሸዋ ውስጥ ያለው የሲሊካ ደቃቅ ለዓመታት ሲተነፍሱት ሳንባ ያጠባስሳል፣ ካንሰርም ያመጣል። ከመጥረግ በፊት ውሃ ይረጭ፤ ውሃው ከጠፋም (እሱ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል) ቢያንስ ጭምብል ይሰጣቸው። የአሸዋ መኪናም ሸራ ይልበስ።

የተባበሩት መንግሥታት ሐምሌ 5ን የአሸዋና የአቧራ ማዕበል መከላከያ ቀን ብሎታል። የእኛ ነፋስም የሚበረታው በዚያው ሰሞን ነው። ለባነር የሚሆን ብር ካላችሁ ለመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ አውሉት።

መልሳችሁን በሬዲዮ ብትነግሩን ይደርሰናል። እማዬ ሬዲዮ አትዘጋም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሳቢያን ነዋሪ