የቁልፍ ቆርቆሮውን አትጣሉብን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ቤትን ከኮተት ስለማጽዳት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። አብዛኛው ያስማማኛል። የማይሠራ ቻርጀር ይጣል፣ እሺ። ክዳኑ የጠፋ ዕቃ ይውጣ፣ እሺ። አሮጌ መጋረጃ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ የልብስ ቁልፍና የክር ቆርቆሮ ለማንም ስለማይጠቅም ቀጥታ ወደ ቆሻሻ የሚለው ጋ ስደርስ ግን ጋዜጣውን አጥፌ አስቀመጥኩት። ለማንም? እኔስ?

እኔ ኩዊልት እሰፋለሁ። ለማያውቀው አንባቢ፣ ትናንሽ ቁራጭ ጨርቆች ተገጣጥመው ፊቱን ይሠራሉ፣ መሃል ላይ ሙቀት የሚይዝ ንጣፍ ይገባል፣ ከሥር ሌላ ጨርቅ ይነጠፍና ሦስቱ አንድ ላይ ይሰፋሉ። ቤተሰቦቼ ድሪቶ ይሉታል። ይበሉት። ሲበርዳቸው ማን እንደሚሻማበት አውቃለሁ።

ጨርቁን የማገኘው በአብዛኛው ከሰልባጅ ነው። አዲስ ጨርቅ ጠልቼ አይደለም። አንድ ኩዊልት ሃያና ሠላሳ ዓይነት ጨርቅ ይፈልጋል፣ ከእያንዳንዱ የምጠቀመው ደግሞ መዳፍ የምታህለውን ነው፣ ለዚህ ሁሉ በሜትር እያስቆረጥኩ ብገዛ ኪሴ ይራቆታል፣ ቁም ሣጥኔ ይፈነዳል። በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥ ያለው ልስላሴ አዲሱ ላይ የለም። መኮማተር ያለበትንም ያህል ተኮማትሮ ነው የሚመጣው።

ያገለገለ ልብስ መሸጫ ስገባ ሰው ሁሉ ቀሚስና ጃኬት ያገላብጣል፣ እኔ አንሶላና መጋረጃ ጋ ነኝ። አንድ ሰፊ አንሶላ የኩዊልት ሙሉ ጀርባ ይወጣዋል፣ ያውም መሃሉ ላይ መጋጠሚያ ሳይኖረው። ከዚያ ወደ ወንድ ሸሚዝ። ባለቤቱ ግዙፍ በሆነ ቁጥር ደስታዬ ይጨምራል። ኮሌታው ተበልቶ፣ የእጅጌው ጫፍ ተሸራርፎ ሊሆን ይችላል፣ ጀርባው ግን ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ነው፤ ሰው ሸሚዝ የሚጨርሰው በአንገቱና በክርኑ ነው። ስፈታው ኮሌታውን እለያለሁ፣ ኪሱን እተረትራለሁ፣ ቁልፍ የተደረደረበትን ፊት ግን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ። ለትራስ ልብስ ጀርባ ይሆናል። ቁልፉም ቀዳዳውም ተሠርቶ የመጣ ነው፣ ዚፕ መግጠም የለ፣ ምን የለ።

አመራረጡ ላይ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ሰልባጅ ገዝቶ የተቃጠለ ሰው ነው በኋላ «አሮጌ ጨርቅ አይረባም» የሚለው። ጨርቁን ወደ መብራት አነሳዋለሁ፤ የሳሳበት ቦታ ወንፊት ሆኖ ይታያል። ጠርዙን ገልብጬ የታጠፈውን ውስጡን ከውጩ ጋር አስተያያለሁ፤ ቀለሙ በጣም ከተለያየ ፀሐይ በልቶታል። መጋረጃ ላይ ይሄ ወሳኝ ነው። ዓመታት መስኮት ላይ የኖረ ጨርቅ መልኩ ደህና መስሎ ክሩ ያለቀ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ በሁለት እጄ ይዤ ጠበቅ አድርጌ እስበዋለሁ፣ መቀደድ ከጀመረ እመልሰዋለሁ (ሻጩ እያየኝ ካልሆነ)። የሚለጠጥ ቲሸርት አልወስድም፤ ወስጄ ተቀጥቻለሁ። የጨርቁን ዓይነት የሚናገረው ጽሑፍ ተቆርጦ ከጠፋ ደግሞ ቤት ሄጄ ሁለት ሦስት ክር እመዝና ሳህን ላይ አቃጥላለሁ። ጥጥ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ ቶሎ ይነድና ብን የሚል አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠጠር ይሆናል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ነው የሚሸተው፣ መስኮት ክፈቱ።

ማጠብን በተመለከተ ምክር የምሰጠው ከጸጸት ተነስቼ ነው። አንዴ ደማቅ ቀይ መጋረጃ አገኘሁ፣ ደስ ብሎኝ ሳላጥበው ቆራርጬ ከነጭ ጋር ሰፋሁት፣ ሦስት ወር የፈጀብኝ ሥራ ነው፣ ተጠናቆ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታጠብ ነጩ በሙሉ ሮዝ ሆኖ ወጣ። አሁን ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ቤቴ ሲገባ መጀመሪያ ርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽበታለሁ። ነጩ ከቀላ ብቻውን ይታጠባል፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ። ሱፍ ከሆነ ደግሞ ከነብሉ እንዳይገባብኝ በፌስታል አስሬ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆየዋለሁ። ቤተሰቤ ስለዚህም የሚለው አለው።

ደግሞ ልኬት። በኩዊልት ስፌት ከየጠርዙ የሚበላው ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ 10 ሴንቲ ሜትር ብዬ የቆረጥኩት ካሬ አራቱም ጎን ሲሰፋ 8.7 አካባቢ ሆኖ ይቀራል። ሸሚዝ ባየሁ ቁጥር ስንት ካሬ እንደሚወጣው በዓይኔ መቁጠር ልማዴ ሆኗል፣ ሰው ለብሶት እየሄደም ቢሆን።

«ካረጀ ልብስ ምን ቁም ነገር ይወጣል» ለሚለኝ አንድ መልስ አለኝ። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ በሚባል ቦታ ጥቁር ሴቶች ካለቀ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። ለብርድ ነው የሰፉት። እ.ኤ.አ. በ2002 እነዚያው ብርድ ልብሶች ሂውስተን፣ ከዚያም ኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፣ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር አደረጋቸው። ፎቶአቸውን ስመለከት ከሁሉ የሚገርመኝ የተፈታው ኪስ ቦታ ነው። ሱሪው በሙሉ ደብዝዞ እሷ ብቻ በመጀመሪያ ቀለሟ ቀርታለች። እንዲህ ያለ ቀለም የትም ሱቅ በሜትር አይሸጥም።

አሁን ወደ ቆርቆሮው። የብስኩት ቆርቆሮ ከፍቶ ውስጡ ክርና መርፌ አግኝቶ ያልተናደደ ልጅ አለ? እኔ ግን አሁን ብስኩት ባገኝበት ነው የምናደደው። የስፌት ሳጥን ስገዛ ገና ሳልከፍተው ነቅነቅ አደርገዋለሁ፤ ድምፁ ይነግረኛል። የዛጎል ቁልፍ ጉንጭ ላይ ሲያስጠጉት ይቀዘቅዛል፣ ፕላስቲክ አይቀዘቅዝም። የብረት ዚፕ፣ ጥሩ መቀስ፣ ዳንቴል፣ በእጅ የተጠለፈ ጨርቅ፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው። በእንጨት የተጠቀለለው አሮጌ የጥጥ ክር ግን ዓይን ነው የሚሞላው። ሳብ ሲያደርጉት ቱጵ ካለ ለጌጥ ይቀመጥ፣ እንዳትሰፉበት።

የስፌት መኪናም እንዲሁ ይጣላል። «አይዞርም፣ ሞቷል» ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ የሞተ አይደለም፣ ዘይቱ ደርቆ አጣብቆት ነው። በስፌት መኪና ዘይት ትንሽ ትንሽ እያንጠባጠቡ፣ ቀን እየሰጡት፣ መዘውሩን በእጅ ቀስ እያሉ ማንቀሳቀስ ነው። ትዕግሥት ካለ ይነሳል። እኔ የምፈራው የጎደለ ዕቃ ነው፤ ቦቢኑ (የሥሩ ክር የሚጠቀለልበት) እና ቦቢኑ የሚቀመጥበት ቤት መኖሩን ሳላይ አልገዛም። እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣችው ትንሿ ሲንጀር 221 ክብደቷ 5 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው፣ ዛሬም ኩዊልት ሰፊዎች ይፈልጓታል። ማን ያውቃል፣ ስንቷ በማጽዳት ስም ቆሻሻ ላይ ወድቃለች።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ግን አንድ ከረጢት ነው። ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ውስጥ መጋረጃ ክምር ሥር አገኘሁት። ሻጩ «ቡትቶ ነው፣ ልጥለው ነበር» አለኝ። ቤት ወስጄ ወለል ላይ ዘረገፍኩት። አርባ አንድ የተገጣጠሙ ካሬዎች፣ ሁሉም በእጅ የተሰፉ፣ ስፌታቸው ደቃቅና እኩል። ከካርቶን የተቆረጠ መለኪያ አብሮ አለ፣ ጠርዙ ብዙ ጊዜ ከመታበሱ የተነሳ ወዝቷል። አርባ ሁለተኛው ግማሽ ላይ ቆሟል። መርፌው ከነክሩ ተሰክቶበታል። ማን እንደሆነች አላውቅም፣ ለምን እንዳቆመችም አላውቅም። ምናልባት ዓይኗ ደከመ፣ ምናልባት ሞተች፣ ምናልባት ሰልችቷት ሹራብ ጀመረች። ቤተሰቦቿ ግን የሚጣለውንና የሚሰጠውን ሲለዩ ያን ከረጢት የያዘ እጅ ለአፍታ ቆም ብሎ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ እኔ ጋ አይደርስም ነበር።

ጨረስኩላት። መርፌው ዝጎ ጨርቁ ላይ ቡናማ ነጥብ ትቷል፤ ልቆርጠው ፈልጌ ተውኩት። የእኔ ስፌት የት እንደሚጀምር ማንም ያየው ሰው ያውቃል፣ ያው እንደ እሷ ደቃቅ አይደለማ።

ስለዚህ አዘጋጅ ሆይ፣ ሌላ ጊዜ ስለ ኮተት ስትጽፉ ሁለት ሦስት መስመር ጨምሩልን። የስፌት ነገር ሳይበታተን በአንድ ሳጥን ይሰጥ። ያልተጠናቀቀ ሥራ ከነመለኪያው ይሁን፣ ንድፉ ወረቀት ላይ ካለ አብሮ ይግባ። ከሚሰጥ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ አትቁረጡ። የሻገተ ጨርቅ ግን እውነትም ይጣል፣ እሱ ላይ አልከራከርም። የቁልፍ ቆርቆሮውንም ክዳን በፕላስተር ዙሩበት። በቀደም አንድ ሰው ሳያስረው አምጥቶት ሱቁ መሃል ተገለበጠ፣ እኔም በጉልበቴ ተንበርክኬ ከመደርደሪያ ሥር ቁልፍ ስለቅም ግማሽ ቀኔ አለፈ። ሻጩ ወለል ልታጸዳ የመጣች መስዬው አመሰገነኝ።

አክባሪያችሁ፣
ድሪቶ ሰፊዋ አንባቢያችሁ