መቼ አወቁ? መቼስ ተናገሩ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ስላደረሱት ጉዳት ወሬ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ወዲያው «መድኃኒቶቹ ይጠቅማሉ ወይስ ይጎዳሉ?» ወደሚለው ያዘነብላል። ይጠቅማሉም፣ ይጎዳሉም። የአምራች ኩባንያ ተጠያቂነት የሚለካው ግን በሌላ ጥያቄ ነው። ኩባንያው ስለ ጉዳቱ ያወቀው መቼ ነው? ለሐኪምና ለታካሚ የተናገረውስ መቼ? በሁለቱ ቀኖች መካከል ክኒኑን የዋጠ ሰው ማወቅ የሚገባው ሳይነገረው ነው የዋጠው።

ፓሮክሴቲን የተባለውን ፀረ ድብርት መድኃኒት እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው «ጥናት 329» (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መድኃኒቱ ለታዳጊዎች እንደሚሠራና እንደሚስማማቸው ገለጸ። ገለልተኛ ተመራማሪዎች የዚያኑ ሙከራ መረጃ እንደገና መርምረው በ2015 ሲያሳትሙ ግን መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ክኒን የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ይልቁንም መድኃኒቱን በወሰዱት ታዳጊዎች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብና ሙከራ በዝቶ ታየ። አምራቹ ግላክሶስሚዝክላይን በ2012 ይህንና ሌሎች መድኃኒቶችን በሚመለከት ለአሜሪካ መንግሥት 3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ የዓለም ጋዜጦችም ይህን ቁጥር በትልቁ አተሙት። በእኛ አስተያየት ከዚህ የሚበልጠው ሥራ በ2004 የተሠራው ነው። የኒው ዮርክ ዐቃቤ ሕግ በዚሁ መድኃኒት ምክንያት የመሠረተው ክስ የተዘጋው በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ኩባንያው የሙከራዎቹን ውጤት ለሕዝብ እንዲያወጣ ግዴታ ገባ። በ2007 ሐኪሞች አቫንዲያ የተባለው የስኳር መድኃኒት በልብ ላይ ያለውን አደጋ ያሰሉት ኩባንያው ካወጣቸው ከእነዚሁ ውጤቶች ተነሥተው ነው። መረጃ እንዲወጣ ማስገደድ ከትልቅ ቅጣት ይልቅ ሰው ያድናል የምንለው ለዚህ ነው።

ቅጣቱ ብቻውን ምን ያህል እንደሚመዝን ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚታዘዘው ኦላንዛፒን (በንግድ ስሙ ዚፕሬክሳ) ያሳያል። አምራቹ ኤሊ ሊሊ በ2009 ጥፋቱን አምኖ 1.415 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። መድኃኒቱ ግን በዓመት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ ክፍያው የአራት ወር ተኩል ሽያጭ እንኳ አይሞላም። ጥፋቱ ምን ነበር? መድኃኒቱ ለመርሳት በሽታ ያልተፈቀደ ሆኖ ሳለ የሽያጭ ሠራተኞች በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች «አምስት በአምስት» በሚል መፈክር ያስተዋውቁት ነበር፤ 5 ሚሊ ግራም፣ በእነሱ ሰዓት ከቀኑ 5 ሰዓት (በእኛ 11 ሰዓት)፣ አረጋውያኑ እንዲተኙ። በ2005 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በዚህ መደብ ያሉ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን ከ1.6 እስከ 1.7 እጥፍ እንደሚያሳድጉ በጥቁር ሣጥን ማስጠንቀቂያ (በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ በሚሰፍረው ከሁሉ በላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ) አሳወቀ። እንቅልፍ ተብሎ የተሸጠላቸው ይህ ነው።

የግለሰብ ክስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ኩባንያው ንጹሕ ስለሆነ አይደለም፤ ማስረጃ ስለማይገኝ ነው። መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «የዋጥከው የማን ክኒን ነው?» የሚል ነው። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2009 የዋናው ብራንድ (መድኃኒቱን መጀመሪያ በራሱ ስም ያወጣው ኩባንያ ምርት) አምራች ማስጠንቀቂያው በማነሱ ሊከሰስ እንደሚችል ወሰነ። በ2011 ደግሞ የጄኔሪክ (ሌላ ኩባንያ የሚሠራው የዚያው መድኃኒት ቅጂ) አምራች የማስጠንቀቂያውን ጽሑፍ በራሱ የመለወጥ ሥልጣን ስለሌለው በዚህ ምክንያት በክፍለ ግዛት ሕግ አይጠየቅም አለ። አንድ ዓይነት መድኃኒት ወስደው አንድ ዓይነት ጉዳት የደረሰባቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ብራንዱን ሌላው ጄኔሪኩን በመውሰዱ ብቻ አንዱ ይከሳል፣ ሌላው ይቀራል። ይህ ፍትሕ አይደለም፤ ሕግ አውጪዎች ሊዘጉት የሚገባ ቀዳዳ ነው። እስከዚያው ካርቶኑን አትጣሉ። የአምራቹ ስም፣ የባች ቁጥሩና የአገልግሎት ማብቂያው በሚታዩበት ጎን ፎቶ አንሱት። ውስጡ ያለውን መግለጫ ወረቀትም አስቀምጡ፤ ግርጌው ላይ ወረቀቱ የተሻሻለበት ቀን ይጻፋል። ያ ቀን «መቼ ተናገሩ?» ለሚለው መልስ ነው።

ቀጥሎ የጊዜ ቅደም ተከተል ይመጣል፦ መድኃኒቱ የተጀመረበት፣ መጠኑ በስንት ሚሊ ግራም የጨመረበት ወይም የቀነሰበት፣ ምልክቱ የታየበት ቀን። አካቲሲያ የሚባለው ጉዳት እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። ሰውየው መቀመጥ ያቅተዋል፣ እግሩን ያወዛውዛል፣ ውስጡ ይረበሻል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መድኃኒት በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ነው። ቀኑ ካልተጻፈ «ሕመሙ ተባባሰ» ይባልና መጠኑ ይጨመራል፤ ጉዳቱም ይብሳል። ካርዱ ላይ የሚቀረው የበሽታው ስም እንጂ የመድኃኒቱ ጥፋት አይደለም።

ለክብደትና ለስኳር ጉዳትም መነሻ ልኬት ያስፈልጋል። እንደ ኦላንዛፒን ያለ መድኃኒት ሲጀመር ክብደት ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም በ4ኛው፣ በ8ኛውና በ12ኛው ሳምንት ይለካል። የደም ስኳር ከመጀመሩ በፊት፣ በ12ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በየዓመቱ ይመረመራል። የመጀመሪያው ልኬት ከሌለ የኩባንያው ጠበቃ «ስኳሩ ቀድሞም ነበረበት» ይላል፤ የሚመልስለት ወረቀት የለም።

መጠኑ ሲቀንስ ምልክቱ ከቀለለ ይህም ማስረጃ ነው። ማስረጃ ለማግኘት ብሎ ግን ማንም በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን ድንገት እንዳያቋርጥ አጥብቀን እንለምናለን። እንደ ዲያዜፓም ያሉትን የማረጋጊያ መድኃኒቶች በአንዴ ማቆም የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል፤ ፀረ ድብርቶችም ሲቆሙ የራሳቸውን የማቋረጥ ምልክት ያመጣሉ። የሚቀነሰው ከሐኪም ጋር፣ ቀስ በቀስ ነው።

በብዙ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ኩባንያው የማስጠንቀቅ ግዴታ ያለበት ለታካሚው ሳይሆን ለሐኪሙ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «ባውቅ ኖሮ አላዝዘውም ነበር» ካላለ ጥሩ ክስም ይፈርሳል። ለሐኪሞች መልእክታችን ጉዳቱን በካርዱ ላይ በስሙ ጻፉት፣ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣንም ሪፖርት አድርጉ የሚል ነው። ሪፖርት ለማድረግ እርግጠኛ መሆን አያስፈልግም፤ ጥርጣሬ ይበቃል።

ይርጋም አለ። በአውሮፓ ኅብረት የ1985 የምርት ጉድለት ተጠያቂነት መመሪያ የመክሰሻ ጊዜው ጉዳቱ ከታወቀ 3 ዓመት፣ ምርቱ ገበያ ላይ ከዋለ ደግሞ ቢበዛ 10 ዓመት ነው። በእርግዝና ወቅት ቫልፕሮኤት የተባለውን የሚጥል በሽታና የስሜት መዋዠቅ መድኃኒት የወሰደች እናት ልጅ ግን የአእምሮ እድገት ችግሩ የሚታወቀው ትምህርት ቤት ሲገባ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ችግር ከእነዚህ ሕፃናት ከ30 እስከ 40 በመቶ በሚሆኑት ላይ ይታያል። አዲሱ የ2024 መመሪያ ዘግይቶ ለሚታይ የአካልና የጤና ጉዳት ጊዜውን እስከ 25 ዓመት ያራዝማል፤ ፍርድ ቤትም ኩባንያው የያዘውን ማስረጃ እንዲያወጣ እንዲያዝ ያስችላል። አባል አገሮች እስከ ታኅሣሥ 2026 ሕጋቸው ውስጥ ማስገባት አለባቸው። ሌሎች አገሮችም ሕጋቸውን ሲያሻሽሉ እነዚህን ሁለት ነጥቦች ቢወስዱ ትልቅ እርምጃ ነው።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለን። የካሳ ስምምነት ዜና ስትሠሩ ከገንዘቡ መጠን ጋር ሁለት ነገሮችን አጣሩልን፦ የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች በምስጢር ታሽገው ቀርተዋል ወይስ ተከፍተዋል? የማስጠንቀቂያው ጽሑፍስ የተለወጠው በየትኛው ቀን ነው?

ከአክብሮት ጋር
በመድኃኒት ደህንነት ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች